በእኔ ምላስ የተመረጠ ዘር

እኔና ጋሽ ደቂቃን የሚለየን አንድ የጡብ አጥር ነው። ቁመቱ ደረት ድረስ ነው፤ ዕቃ ለመቀባበል ይመቻል፣ ለመደባበቅ ግን አይመችም። ጋሽ ደቂቃ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ «መቼ ይደርስልኛል?» ያላቸውን ሁሉ «አንድ ደቂቃ» ይሉና ሦስት ሳምንት ያቆዩታል። እሳቸውም አልቀሩም፣ እኔን «መርፌ» ይሉኛል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ እንጂ ምላሴን ማለታቸው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለ ዘር የምነግራችሁን ሁሉ ወይ ከሳቸው ሰምቻለሁ፣ ወይ በዓይኔ አይቻለሁ። ከራሴ የጨመርኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው።

ባለቤታቸውን «እትዬ» ነበር የምላቸው። እትዬ በጓሯቸው ቲማቲም ያለማሉ። ዘሩን በየዓመቱ ከዚያው ከአንዱ ዘር ሻጭ ነበር የሚገዙት፤ እሽጉ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ፍሬው መካከለኛ፣ ድቡልቡልና ቆዳው ስስ ነው። ሲገምጡት መጀመሪያ ኮምጠጥ ብሎ የምላስን ጫፍ ይቆነጥጣል፤ ጣፋጩ ኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚደርሰው፣ ልክ ከእንግዳው በኋላ ይቅርታ እየጠየቀ እንደሚገባ ባለቤት። እትዬ በአጥሩ ላይ አንድ ሳህን ያሳልፉልኛል፣ እኔ ጨው ነስንሼ እስፌት መኪናው ላይ ቁጭ እንዳልኩ እበላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በልቻለሁ። ልብሱን እንዳላበላሽ እጠነቀቅ ነበር እንጂ ልኩን አላውቅም ነበር።

አንድ ዓመት ቲማቲሙ መቅላት በያዘበት ወር ሁለቱንም ትኩሳት ጣላቸው። እትዬ ሳይነሱ ቀሩ። ጋሽ ደቂቃ ተነሱ፤ ግን ከአልጋ ሲወርዱ አፍንጫቸውና ምላሳቸው አብረዋቸው አልወረዱም። ሽንኩርት ቢያሸቱ፣ ስኳር ቢልሱ፣ ለሳቸው አንድ ነው። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሏቸው ነበር። አልተመለሰም።

ከቀብሩ በኋላ አንዲት ልጃቸው ወደምትሠራበት ሩቅ አገር ተመለሰች፣ ቤቱም ጭር አለ። በሳምንቱ ጋሽ ደቂቃ አጥሩን በማንኪያ አንኳኩተው ጠሩኝ። ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ አምስት ቲማቲሞች ተደርድረዋል፣ ከመጠን በላይ በስለው መሸብሸብ ጀምረዋል። እትዬ ከመታመማቸው በፊት በገዛ እጃቸው የደረደሯቸው ናቸው። ጋሽ ደቂቃ በዚያው ጠዋት ዘር ሻጩ ዘንድ ሄደው ነበር፤ ያ ቁጥር ከእንግዲህ አይመጣም፣ አምራቹ ትቶታል ተባሉ። በዓለም ላይ የቀሩት፣ እሳቸው እንደሚያውቁት፣ እነዚያ አምስቱ ነበሩ።

ዘሩን አውጥተው ሊተክሉት አሰቡ። ዘር ሻጩ ግን አስጠንቅቋቸው ነበር። የተዳቀለ ዘር ነው፤ እናቱ አንድ ዓይነት፣ አባቱ ሌላ ዓይነት። የመጀመሪያው ልጅ ከሁለቱም ወስዶ አምሮ ይወጣል። የልጅ ልጆቹ ግን ይበተናሉ፤ አንዱ የአያቱን ቀለም፣ አንዱ የአጎቱን ቁመት፣ አንዱ ማንም የማያውቀውን ዘመድ ጠባይ ይዞ ይበቅላል። መልሶ ለመሰብሰብ በየዓመቱ በጣም የሚመስለውን አንዱን ተክል መምረጥ፣ የሱን ዘር ብቻ መዝራት፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ መምረጥ ነው። እንዲህ ስድስት ሰባት ትውልድ ከሄደ ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ ልጅ እናቱን መስሎ ይወጣል።

«ስድስት ሰባት ዓመት?» አልኳቸው። «ጋሼ፣ ለሰው ሰዓት አንድ ደቂቃ እያሉ ሦስት ሳምንት ይፈጅብዎታል። ይሄንንማ የሚረከበው የልጅ ልጅዎ ነው።»

አንዷን ቲማቲም ከመስኮቱ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ ስትመጣ የእናቷን ቲማቲም በእናቷ ጓሮ ትቅመስ» አሉ። «እኔ አልቀምሰውም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

አምስቱን ቲማቲም አንድ ማሰሮ ውስጥ ጨመቅናቸው፤ ሦስት ቀን ተቀምጦ ላዩ ነጭ ሻጋታ ሲያበጅ ዘሩ ከልፋጩ ተላቀቀ። አጥበው ሳህን ላይ አሰጡት፤ ከዚያ ሰዓት የሚያዩበትን ማጉያ በዓይናቸው ሰክተው በወረንጦ አንድ በአንድ ለዩት። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሃያ አራት የቀለም ቆርቆሮ አሰባስበው በእያንዳንዱ አንድ ችግኝ ተከሉ። ቆርቆሮዎቹ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ እንደ ሰዓት ፊት ቀጥ ያለ ቁጥር። የኔ ሥራ ስስ ሻሽ ነበር። ንብ ከሌላው አበባ ጋር እንዳያደባልቅ፣ አበባው ሳይፈነዳ ትንሽ ከረጢት እየሰፋሁ አለብሰዋለሁ፤ ፍሬው ሲይዝ ከረጢቱን አንስተን ለዘር በሚሆነው አንገት ላይ ቀይ ክር እናስራለን። ቀይ ክር ያለበትን ማንም አይበላም። ሰፈሩ አጥሩን ተደግፎ ይስቅብናል። «ለቲማቲም ቀሚስ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ» የሚል ስም ሊወጣልኝ ሲል አመለጥኩ።

ፍሬው ሲደርስ የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም። ሁለቱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ጣት ሞላላ፣ ሦስቱ እንደ ወይን ፍሬ ደቃቃ፣ አንዱ አጥሩን ዘሎ ወደኔ ግቢ የመጣ ቁመታም። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እዚህ ግን ሃያ አራት ዘር ወደ ሃያ አራት አቅጣጫ ሳበ።

ጋሽ ደቂቃ የሰዓት ጠረጴዛቸውን አጽድተው ከየተክሉ አንዳንድ ፍሬ ቆራርጠው በተራ አስቀመጡልኝ፣ ጨውም ከጎኑ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሻገር ውሃ እጎነጫለሁ። ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው ራሴን ነቀነቅኩ። ዘጠነኛውን ሲያነሱት እጃቸውን አየሁት። መልኩ የእትዬን ነው፤ ያው ድቡልቡል፣ ያው ቅላት፣ እንብርቱ ላይ ያችው አረንጓዴ ኮከብ። የሴኮንድ ብሎን ሲይዝ ንቅንቅ የማይለው እጅ ይንቀጠቀጣል።

ቀመስኩት። ጥሩ ቲማቲም ነው። ጣፋጭ ነው። የእትዬ አይደለም።

«እሷው ናት» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን ወለምታ አልመሰለኝም። ደግነት ነበር የመሰለኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ከዚያ መዝገባቸው ላይ ጻፉ። እንዲያው ሥራውን ለመጨረስ የቀሩትንም ቀመስኩ። አሥራ ሰባተኛው ጋ ስደርስ የምላሴን ጫፍ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ትንሽ ፍሬ፣ ትከሻዋ የተሰነጠቀ፣ ለዓይን የማትሞላ። ሙሉ በሙሉ እሷ አይደለችም፤ ግን አንድ ነገሯ ከዚያ ቤት ነበር። ጋሽ ደቂቃ ግን ዘጠነኛውን እመዳፋቸው ላይ አድርገው እንደ ጫጩት ይዘውታል። ዝም ብዬ ውሃዬን ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውሸት ተራ አካሄድ ነው። በሁለተኛው ዓመት የዘጠኝ ቁጥርን ዘር ብቻ ተከሉ፤ አሁንም ይለያያል፣ ግን ያነሰ። እንድመርጥ ጠሩኝ። የትኛውም የእትዬ ስላልሆነ የሚጥመኝን መረጥኩ፤ እኔ ደግሞ ጣፋጭ እወዳለሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ፣ በአራተኛውም። በአምስተኛው ዓመት ማጉያው ብቻ አልበቃቸው ብሎ ዘሩን በመስኮት ብርሃን ሥር መለየት ጀመሩ። በስድስተኛው ዓመት የተከሉበት አሥራ አምስት ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ተማሪ ሰልፍ አንድ ልብስ ለብሶ ቆመ፤ ቁመቱ አንድ፣ ቅላቱ አንድ፣ ጣዕሙ አንድ። ጋሽ ደቂቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው ተመልሰው «ልክ ይሠራል» አሉ። ይህን ቃል የሚሉት የጠገኑት ሰዓት ሳምንት ሙሉ ሳይዛነፍ ሲሄድ ብቻ ነው። ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። ሳይጸና አትቀምሺውም ብለው ስድስት ዓመት አስታግሰዋታል፤ አሁን ነይ አሏት።

በነዚያ ዓመታት አልተናገርኩም ወይ ብትሉኝ፣ ሦስት ጊዜ አጥሩ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ሻሽ ሰጥቼ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁ። ሦስተኛውን ጊዜ ረስቼዋለሁ፤ የረሳሁት ስለሚያሳፍር ይሆናል።

ልጅየዋ በመጣች ማግስት ጠዋት ጓሮው ውስጥ ወንበር ተደረገላት፣ እኔም ተጠራሁ። አባቷ ራሳቸው ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው በሳህን ሰጧት። ጎረሰች። ማኘኳን ለአፍታ ገታች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አባቷን።

«እሷው ናት፣ አባዬ» አለች።

ጋሽ ደቂቃ አቀርቅረው ሳህኑን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር። እኔ የቀረችውን ቁራሽ ቲማቲም እያየሁ፣ ስድስት ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩትን አሁን ለሁለት መያዛችን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልቀለለኝም።

ከሰዓት በኋላ ልጅየዋ በኔ በር ገባች። የተሰፋ ልብስ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ገና ሳትጀምር ሁሉንም አውቄዋለሁ።

«አክስቴ፣ የእማዬ ይኮመጥጥ ነበር። ይሄ እኮ ሎሚ የሚባል ነገር ከሩቅም አላየም።»

አዎን አልኳት። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ተናደደች፤ ድምፅዋን ግን አልጨመረችም፣ እንደ እናቷ ናት። እሱን መዋሸትሽ ሳያንስ እኔንም አስዋሸሽኝ አለችኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረች፤ ዝም በይ አለች። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ እየደከመ ነው፣ አሁን ብትነግሪው ምን ሊያደርግበት ነው፣ ደስ ብሎት ይኑር። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ። ሰው ዝም በይ ሲሉት እንደማረፍ ያለ ነገር የለም።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ዝም ብዬ ልኖር ቆርጬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ከሄደች በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንኪያው አጥሩን መታ። ጋሽ ደቂቃ ቁልል ፖስታ ይዘው ቆመዋል። የዘጠኝ ቁጥርን ዘር ለሰፈሩ ሁሉ ሊያድሉ ነው፤ ለየቤቱ ሃያ ሃያ ፍሬ፣ በወረንጦ የተቆጠረ። የመጀመሪያውን ለኔ ዘረጉልኝ። በዚያ እንደ ሰዓት ፊት ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «የእሷ ዘር»።

ፖስታውን አልተቀበልኩም። እትዬ ለሰው የማይሆን ቲማቲም በአጥሩ ላይ አሳልፈው አያውቁም፤ ከላይ የበሰለ ከሥሩ የተመታ ከሆነ «ይሄኛውን ለራሴ» ይሉ ነበር። አሁን በየቤቱ፣ በስማቸው፣ የኔ ምርጫ ሊበቅል ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ዘጠኝ ቁጥር የእትዬ አይደለችም።»

«ዘንድሮ ተበላሸች?»

«ዘንድሮ አይደለም። መጀመሪያም አልነበረችም።»

ፖስታዎቹን አጥሩ ላይ አስቀመጡ። ጫፋቸውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ።

«ታዲያ ለምን አልሽ?»

«እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የኔ እጅ ተንቀጠቀጠ ብለሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስድስት ዓመት።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አነሱ። «በይ አሁን ግቢ» አሉኝ። ገባሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ማንኪያው አልተሰማም። እሳቸው በግቢያቸው ሲያልፉ ኮታቸው ይታየኛል፤ ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀና አይሉም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የምለው ነገር አልነበረኝም። ደንበኞቼ አመመሽ ወይ ይሉኛል። አንዷማ ቀሚሷን ለክቼ ስጨርስ ስለ ወገቧ ምንም አለማለቴን አይታ ሐኪም ጋ ሂጂ አለችኝ።

በሃያኛው ቀን አጥሩ ተንኳኳ። ወጣሁ። ሰላም ያሉኝ እንደሆነ አላስታውስም፤ ያሉኝ አይመስለኝም።

«ከሃያ አራቱ ውስጥ የቀረበ ነበር?» አሉ።

ስለ ስድስቱ ዓመት ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፤ መልሴንም በሌሊት ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ደጋግሜ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ይህን ነው።

«አሥራ ሰባት» አልኩ። «ትከሻዋ የተሰነጠቀው።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ነገሯ ብቻ። መኮምጠጧ።»

ተከተይኝ በሚል ዓይነት ዞሩ፣ ተከተልኳቸው። የሰዓት ጠረጴዛቸው ጎን እንደ ማር እንጀራ በትንንሽ መሳቢያ የተሞላ ቁም ሣጥን አለ፤ ሞላ፣ ብሎን፣ ቆጣሪ፣ መስታወት በየመጠኑ የሚቀመጥበት። ከሥር ያለውን ረድፍ ሳቡ። ሃያ አራት ፖስታ ከነቁጥሩ ቆሞ አለ። የመጀመሪያው ዓመት ዘር ሁሉ። ቢጫዎቹም፣ ሞላላውም፣ ያ አጥር ዘላዩም።

«ጣልኳቸው ብለሽ ነበር?» አሉ። «ሰዓት ስፈታ አንዲት ብሎን ጥዬ አላውቅም። የማትረባ የመሰለችሽ ናት ኋላ የምታስፈልግሽ።»

አሥራ ሰባት ቁጥርን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ሃያ ስድስት ፍሬ፣ ከጊዜው ብዛት ወየብ ያለ። ከዚያ እነዚያን «የእሷ ዘር» የተባሉ ፖስታዎች አውጥተው በእያንዳንዱ ላይ በመስመር ሰረዙና ከሥሩ ጻፉ። ሰውየው ቂም አይዙም አልላችሁም። የጻፉት «የመርፌ ዘር» ብለው ነው።

«አንቺ የመረጥሻት ናት» አሉኝ። «ጣፋጭ ትወጃለሽ አይደል። ውሰጂ።»

ወሰድኩ። ግቢዬ ውስጥ ተክያታለሁ። በእውነት ጥሩ ቲማቲም ናት፤ ብዙ ታፈራለች፣ አትታመምም፣ እናቷን መስላ ትወጣለች። ከጎረቤት የሚያመሰግነኝም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ውሸት ግን ከጠራም በኋላ በየዓመቱ ሳይዛነፍ ይበቅላል።

ለልጅየዋ ደውለው ራሳቸው ነገሯት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በማግስቱ ግን ለኔ ደውላ ለምን እንደነገርኳቸው አልጠየቀችኝም፤ ስንት እንደበቀለ ነው የጠየቀችኝ።

የበቀለው ዘጠኝ ነው። ከሃያ ስድስቱ ዘጠኝ። ጋሽ ደቂቃ በየጠዋቱ በቆርቆሮዎቹ ፊት በርከክ እያሉ፣ ፊታቸውን አፈሩ ላይ እስኪያስነኩ ድረስ ተጠግተው ያያሉ። ከርቀት አይታያቸውም አሁን። አንድ ቀን ሻሽ ሳለብስ፣ እንደ ድሮው መቀለድ አምሮኝ ይሁን ፈርቼ ይሁን አላውቅም፣ ስድስት ዓመት እኮ ነው ጋሼ አልኳቸው።

«ከኖርኩ እጨርሰዋለሁ» አሉ። «ካልኖርኩ መዝገቡ አለ፣ ቁጥሩ ተጽፏል። ስምንተኛ ክፍል ለቁጥር ይበቃል።»

ከሁለት ወር በኋላ የሰዓት ጠረጴዛው እንደገና ተጸዳ። በመካከሉ አንዱ ተክል በውርጭ ሞቶ ስምንት ሳህን ነው የቀረበው። ጨው፣ ውሃ፣ መዝገብ። ከመቅመሴ በፊት ጋሽ ደቂቃ ወንበራቸውን አነሱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ። እጃቸውን ሁለቱንም ጉልበታቸው መካከል ደበቁት።

«ቅመሺ» አሉ ለግድግዳው።

የመጀመሪያው አይደለም። አይደለም አልኩ። ሁለተኛው ውሃ ነው፣ አይደለም አልኩ። ሦስተኛው አይደለም። ከእያንዳንዱ «አይደለም» በኋላ ትከሻቸውን አያለሁ፤ አይወርድም። አራተኛውን ጎረስኩ። ስንጥቋ ከእናቷ ይብሳል፣ ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ ጣፋጩ ገና የለም። የምላሴን ጫፍ ግን ቆነጠጠችኝ፤ ልክ እዚያችው ቦታ ላይ።

ዋጥኩ።

«ቆዳዋ አይደለም» አልኩ። «ጣፋጩ አይደለም። መኮምጠጧ የእትዬ ነው።»

«ግማሽ?»

«ከግማሽ ያንሳል።»

ጋሽ ደቂቃ ሳይዞሩ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወረቀቱን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው፣ በዝግታ፣ ከግማሽ ያነሰ ብለው ጻፉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ወደኔ ዘረጉ። አልተንቀጠቀጠም።

«ቀይ ክር ይዘሻል?» አሉ።